ደረቅ መሬት ላይ የተገዛ ጂፕ

ባለፈው ክረምት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ማስረሻ ከደብረ ማርቆስ ደውሎ መኪና ልገዛ ነው አለኝ። የምን መኪና ነው ስለው አሮጌ ፎርዊል ነው፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት አለ። ቀለሙ ለቋል፣ ወንበሩም ተቀዳዷል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው፤ ርካሽ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጮቄ ሊወጡበት አስበዋል። ጮቄ ላይ ምን ጉዳይ አላችሁ ስለው፣ ምንም ጉዳይ የለንም፣ ጭቃ ውስጥ መንዳት ነው ደስ የሚለው አለኝ።

ጭቃ ፍለጋ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። "እማ፣ ተቋረጠ እንዴ?" ሲለኝ፣ አልተቋረጠም፣ ሳላየው እንዳትገዛ ብዬው ዘጋሁት።

ማስረሻ ከሆዴ የወጣ ልጅ አይደለም። የታላቅ እህቴ የእናኑ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ፣ ልጆቹም አያታችን የሚሉት እኔን ነው። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው፤ ሐዘኑን ያስረሳናል ብሎ። ልጁ ጥሩ ልጅ ሆነ። ማስረሳት ግን የልጅ ሥራ አይደለም።

ማስረሻ በተወለደ ጊዜ የምንኖረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ነበር። ገብስና ድንች እንጂ ሌላ እህል የማይወድደው አገር ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጉሙ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ይገኛል፣ የገብሱ እንጀራ ከመሶብ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ደርሼ ትምህርቱን ትቼ፣ ባል ሳላገባ፣ እናኑና ባሏ ምኒችል ቤት ነበርኩ።

ዕድራችን ለቀብር ብቻ አልነበረም፤ ለበሽተኛም ነበር። ሰው ሲታመም ጥሩንባ ይነፋል። ጥሩንባውን የሰማ ወንድ ሁሉ እርፉን ለቅቆ ይመጣል። በሽተኛው ቃሬዛ ላይ ይጋደማል፣ አራቱ ይሸከማሉ፣ ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ። የደከመው ትከሻውን ሲያወጣ ያረፈው ያስገባል፤ ሩጫው አይቆምም። እኛ ሴቶች በሶና ውኃ ይዘን እንከተላለን። ሳይሸከም የቀረ ሰው የራሱ ሰው በታመመ ቀን ምን ብሎ ጥሩንባ ያስነፋል? ሕጉ የተጻፈ አልነበረም፤ ግን ከእሱ የበለጠ ፍትሐዊ ሕግ እስከ ዛሬ አላየሁም። ባለጠጋውም ድሃውም እኩል ትከሻ ነበረው።

አንድ በጋ የዕድሩ ዳኛ አያ ደሴ ሉማሜ ላይ ርካሽ ጂፕ እንደሚሸጥ ሰማ። እስከ መቼ ሰው በትከሻ ይሄዳል ብሎ ሰውን ሰበሰበ። ሁሉም በግም ጊደርም እየሸጠ አዋጣ። እኔና እናኑም ካረባናቸው በጎች ሰጠን። ሊገዙ ሲነሡ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ሴት መኪና ልትገዛ ነው ብለው ሳቁብኝ። በጎቻችን ሲሄዱ ሴቶቹ በጎች ይቅሩ ያለ ነበር ወይ ብዬ ሞገትኳቸው። አያ ደሴ ሙግት ስለሚሰለቸው ይዞኝ ሄደ። ሦስተኛው ሰው ዘለቀ ነበር፤ ወታደር ሳለ የጦር ካሚዮን ይነዳ ስለነበር ለመኪናው ሾፌር የታጨ።

ሉማሜ በጋ ላይ አቧራ ናት። ሻይ ቤት ተቀምጠን ብስኩት በሻይ እየነከርን ስንበላ ባለመኪናው ጂፑን አምጥቶ ደጁ ላይ አቆመው። አያ ደሴ ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ መኪናውንም የገዛው እንደ በቅሎ ነው። ዞሮ ዞሮ አየው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው፣ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጥርስ ቆጠረ፣ አስነሥቶ ወዲያ ወዲህ አስኬደው። ከዚያ አመሉ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ባለመኪናው ሳቀ፤ አመል የለውም አለ።

ዘለቀ አጭሯን ማርሽ አሳይቶ ይህች ትሠራለች ወይ አለው። ባለመኪናው ቀኝ እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቶ፣ ጊዮርጊስን፣ እሷን ሲስቧት አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ተራራ ነው የሚነቅለው አለ። ግን በደረቅ መሬት እንዳትስቧት፣ ውስጡ ይሰበራል ብሎ አስጠነቀቀ። ዘለቀም እውነቱን ነው፣ የጦር መኪናም እንዲሁ ነው ብሎ አረጋገጠ።

በእኛ አገር ከብት ሲገዛ ዋስ ይጠራል። ሻጩ የሚታወቅ ሰው ያቆማል፤ ያ ሰው ከብቱ የሌባ እንዳልሆነ በራሱ ላይ ይወስዳል። አያ ደሴ ዋስ አምጣ አለ፣ አንድ እህል ነጋዴ ዋስ ሆነ፣ አያ ደሴ ልቡ ረጋ። እኔ ግን፣ አራቱም መጎተቱን በምን እናውቃለን አልኩ። ባለመኪናው ወደ እኔ ዞረ።

"እቱ፣ ክረምት ሲገባ ታውቂዋለሽ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ጂፑ አገር ሲገባ እልልታው ሌላ ነበር። ቄሱ ጠበል ረጩት፣ አንዱ ቀልደኛ የበቅሎ ቃጭል ከፊቱ አሰረበት። በዚያ በጋ ጥሩ አገለገለን። እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ፣ ወባ ይዞት ከቆላ የተመለሰ ጎልማሳ፣ ሁሉንም ሐኪም ቤት አደረሰ። መሬቱ ደረቅ ነበርና አጭሯን ማርሽ የነካት የለም። ቃሬዛው ይቅር ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም፤ እንዲሁ ቀረ። አንዱ ወስዶ የድንች ዘር አሰጣበት። ጥሩንባውም ለሞተ ሰው ካልሆነ አይነፋም ሆነ። ወንዶቹ ትከሻቸው አረፈ።

ሐምሌ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እናኑ ወለደች። ምጡ አልጠናባትም ነበር፤ ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞልቶት ነው የመጣው። እንግዴ ልጁ ግን ቀረባት። ሴቶቹ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ሆዷን አሹ፣ አፏ ውስጥ ጠጉር ከተው እንድታስታውክ አደረጉ፣ ማርያም ማርያም አሉ። ደሙ አልቆመም። ከሥሯ ያነጠፍነው ጭድ ሲረጥብ እየቀየርን፣ ሲረጥብ እየቀየርን፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ጭድ አጣን።

ምኒችል ሮጦ አያ ደሴን ጠራው። አንዲት አሮጊት ጥሩንባ ይነፋ፣ በቃሬዛ ትሂድ አሉ። አያ ደሴ ክፉ ሰው አልነበረም። መኪና እያለን በዚህ ዝናብ በትከሻ እናንገላታት ወይ አለ፤ ሁላችንም ልክ ነው አልን። ከኋላ ከጎረቤት የመጣ ጭድ ጎዝጉዘን አስተኛናት። እኔ ጭንቅላቷን ታቀፍኩ፣ ምኒችል እግሯን፣ ዘለቀ መሪውን ያዘ።

ቁልቁለቱን ደህና ወረድን። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጥቁሩ አፈር ያዘን። ዘለቀ አጭሯን ማርሽ ሳበ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን እዚያው ነው። ምኒችልና እኔ ወርደን ገፋን፣ ድንጋይ ጣልን፣ የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጠን ከጎማው ሥር ነሰነስን። ጭቃው ከኋላ እየተረጨ ፊቴን መታኝ። ቅርንጫፍ ላስገባ ወደ ፊት ስሄድ ነው ያየሁት። የኋላዎቹ ጎማዎች እንደ እብድ ይሽከረከራሉ፤ የፊተኞቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሣር ተጣብቆባቸዋል፤ ሣሩ እንኳ አልተነቃነቀም።

"ዘለቀ፣ የፊቱ አይዞርም" አልኩት።

"ይዞራል፤ አስገብቼዋለሁ።"

"እያየሁት ነው እኮ።"

እናኑ ከውስጥ ሰማችን። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ከመኪና ጋር ተጣላሽ?" አለች።

ዘለቀ ወርዶ በሆዱ ጭቃው ላይ ተኝቶ ከሥሩ ገባ። ሲወጣ ያየውን ነገረን። ወደ ፊት ጎማዎቹ ኃይል የሚያደርሰው ብረት ከሥሩ ተነቅሎ የወጣው ድሮ ነው፤ ቦታው ዝጓል። የቀረው ማርሿ ብቻ ናት፤ ስትሳብ ትሳባለች፣ የምትይዘው ነገር የለም። ከዚያ ምኒችል ሁለት ባሕር ዛፍ ጣለ፣ ጋቢያችንን ወጠርንበት፣ ሦስት ሆነን አነሣናት። በሦስት ሰው ቃሬዛ አይሄድም። ጥሩንባ ስላልተነፋ የሚከተለን የለም። በየማሳው ያለውን ሰው እየጠራን፣ አንድ ሁለት እያለ መጣልን፤ በደንብ ስንሮጥ ግን ቀኑ ተጋምሶ ነበር። የሮብ ገበያ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲታየን እጇ ከቃሬዛው ወጥቶ ተንጠለጠለ። መልሼ አስገባሁት። እንደገና ወጣ። እኔ ብቻ ነበርኩ ያወቅሁት፤ ወንዶቹ ሩጫቸውን እንዳያቆሙ ትንሽ ዝም አልኩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ባለመኪናው ከዋሱ ጋር ተጠርቶ መጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋሱ፣ እኔ የቆምኩት ለሌብነት ነው፣ መኪናው የሌባ አይደለም አለ። ሽማግሌዎቹም እውነት ነው አሉ፤ በልማዱ እውነት ነበር። ባለመኪናው ደግሞ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው፣ ግን ሴትዮዋን የገደላት ዝናቡ ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሸንጎ ሴት አትናገርም፤ እኔ ግን ተነሣሁ።

"ዝናቡ አልማለልንም" አልኩት። "የማልክልን አንተ ነህ።"

"እኔ መኪና ነው የሸጥኩት እንጂ ነፍስ አልሸጥኩም፣ ልጄ።"

"አይጎትትም ብትለን ኖሮ ቃሬዛችን ቤት ነበር። ጥሩንባችንም ቤት ነበር። እኛ እኮ መሸከም እናውቅ ነበር።"

አንዱ ሽማግሌ ተቀመጪ ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ አሉኝ። ፍርዱ ባለመኪናው ሙክት አምጥቶ ይታረቅ የሚል ሆነ። ምኒችል ደክሞት ነበር፣ እሺ አለ። ሙክቱ ታረደ፣ ወጡ ተሠራ፣ ባለመኪናውም ከእኛው ጋር በላ። እኔ አልቀመስኩም። ዛሬም ድረስ ይቅር አላልሽም ወይ የሚሉኝ አሉ፤ ቄሱም ብለውኛል። በድያችኋለሁ ያለን ሰው ሳይኖር ማንን ይቅር ልበል? ጂፑ እዚያው ዳገት ላይ ከርሞ ቆርቆሮውን ሰው ተከፋፈለው። ዕድሩ ቃሬዛ እንደገና አሠራ፤ ጥሩንባው በተነፋ ቁጥር ግን እንደ ድሮው ሁሉም አይመጣም ነበር። አንዴ የተወ ትከሻ መልሶ ሸክም አይለምድም።

እንግዲህ ከስልኩ በማግሥቱ አውቶቡስ ይዤ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ሻጩ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። እማማ አይስጉ፣ አራቱም ይሠራል አለኝ። ምላልኝ አላልኩትም። ከከተማው ዳር ውኃ የቋጠረ ሜዳ ላይ አስገባልኝ አልኩት። ሻጩ አልተቀየመም፤ ጫማውን አውልቆ ገባና ማርሹን አስገባ። እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ጎንበስ አልኩ። አራቱም ዞሩ። መኪናው ከጭቃው ዘሎ ወጣ። ማስረሻ እማ መካኒክ ሆነች ብሎ ለጓደኞቹ ሊቀልድ ዞረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

እዚያው ቆመን ነገርኩት። እናቱ በወሊድ መሞቷን ያውቃል፤ ስለ ጂፑ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ ስለ መኪናው አልጠየቀኝም፣ ስለ ባለመኪናውም አልጠየቀኝም።

"አይታኛለች?" አለኝ።

አዎ ብለው ማን ያጋልጠኛል? በዚያ ቤት ከነበሩት ሴቶች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቃል ናት፤ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ ደስ ይለው ነበር። ሰው እንዲህ ባለች ቀላል ቃል ሲታለል ምን እንደሚከተል ግን አይቻለሁ፤ ቃሏ ለፍቅር ብትሆንም ያው ናት።

"አላየችህም" አልኩት። "ብርድ እንዳይመታህ ወዲያው ወደ እሳቱ ወስደንህ ነበር። ስታለቅስ ግን ሰምታ፣ 'ይሄስ የአክስቱን ጉሮሮ ነው የወሰደው፤ ገና ሲወለድ ይሟገታል' ብላ ሳቀች።"

ከዚህ በላይ የምሰጠው አልነበረኝም። ያለኝን ግን ሳልጨምርበት ሰጠሁት።