አርባ አንድ ቦታ

ወሬው እንዲህ ነው። የኮሌጁ ታይፒስት የፊዚክስ መምህሩን የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት በክብሪት ለኩሳ አመድ አደረገችው፤ ወዳው ነበር፣ እሱ ግን ከኤሌክትሮን በቀር ዓይኑን የሚጥልበት ነገር አልነበረውም። ይህን ወሬ የወለደው የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነው። ሰውዬው ፋይል ሲጠፋበት እንጂ ወሬ ሲጠፋበት ታይቶ አይታወቅም። «በዓይኔ በብረቱ አየኋት፣ ከሕንፃው ጀርባ ወረቀት ስታነድ!» ብሎ ይምላል። አይቷታል፣ አልዋሸም። ዓርብ ዓርብ ያለቀለትን ካርቦን የምታነደው እሷው ናት። ካርቦን ላይ የፈተና ጥያቄ ይነበባላ!

እንግዲህ ወሬው ይታረም። አላቃጠለችውም። ወደደችው የሚለውን ለጊዜው ሳንነካው እንለፍ። ጥናቱ ዛሬም አለ፤ አንድ ገጽ አልጎደለበትም፣ አንድ የተደለዘ ፊደል አይገኝበትም። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ንጽሕናው ነው።

ተማሪዎቹ «ባዶ ቦታ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። የጽሕፈት መኪናዋ የሒሳብ ምልክት ስለሌለው፣ ቀመር በመጣ ቁጥር በልኩ ባዶ ቦታ ትታ ታልፋለች፤ ባለቤቱ ኋላ በእስክሪብቶ ይሞላዋል። ለአጭሩ ሦስት ምት፣ ለረጅሙ ዘጠኝ፤ ዓይኗን ጨፍና ትለካዋለች። ሌላው ታይፒስት ሲሳሳት በነጭ ቀለም ይደፍናል። እሷ አንድ ፊደል ከሳተች ወረቀቱን መንጭቃ አውጥታ ከአናቱ ትጀምራለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አንድ የጠመመ ስፌት ካዩ ሙሉ ኮት የሚተረትሩ። በእሳቸው ወጣች። አንድ ጊዜ የጋብቻ ጥያቄ በደብዳቤ ቢመጣላት፣ ስሕተቱን በቀይ አርማ ለላኪው መለሰችው ይባላል። ይህኛው ወሬ እውነት ነው።

መምህሩን ደግሞ ግቢው «ቀጭኑ» ይለዋል። ቢሮው ከእሷ ክፍል ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል፤ ሲያስነጥስ «ይማርዎት» የምትለው ከወንበሯ ሳትነሣ ነው። የሚጽፈው ስለ ኳንተም ነበር። ስለ ቦምቡ ወይም ስለ መሣሪያው አይደለም፣ ስለ መሠረቱ፤ የጥቃቅኑ ዓለም ለምን በዚህ ሒሳብ እንጂ በሌላ አይነገርም የሚለው ነበር እንቅልፍ የነሣው። መልሱን በሁለት ፊደል ላይ አቆመው። «ሀ» ማለት ቅንጣቷን «የት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለ» ማለት ደግሞ «ወዴት፣ በምን ፍጥነት ትሄጃለሽ?» ማለት። አንዱን ጥያቄ ስትጠየቅ ቅንጣቷ እንደነበረች አትቆይም፤ ስለዚህ ማን ቀድሞ ተጠየቀ የሚለው ለውጥ ያመጣል። ሀለ እና ለሀ እኩል አይደሉም። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የምትተርፍ ጥቂት ነገር አለች፤ ቀጭኑ መላውን የኳንተም ሒሳብ ያወጣው ከዚያች ጥቂት ነገር ነበር።

ባዶ ቦታ ይህን ሁሉ ያኔ አታውቅም። የምታውቀው ዓይኑን ነው። ሞራ ጋርዶት ነበር። ደረጃውን በእግሩ ጫፍ እየዳበሰ ይወርዳል፣ ተማሪ ሰላም ሲለው ለግድግዳው አጸፋ ይመልሳል። ግን ይህን ከሚያምን ቢሞት ይመርጣል! እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች። የጻፈችለትን ገጽ ስትሰጠው አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ «እም… እም… ጥሩ ነው» ይላል፤ እሷም «እሺ ጋሼ» ብላ ትወጣለች።

የመጨረሻውን ቅጂ ስትጽፍ ነው ነገሩ የተበላሸው።

«ባዶውን እስቲ አንቺው ሙዪው» አላት አንድ ጠዋት። «እጅሽ ከእኔ እጅ ያምራል።»

«እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ ምልክት…»

«ከረቂቁ እያየሽ መገልበጥ ነው። አንቺን ደግሞ ማን ያርምሻል?»

ልቧ በኩራት አበጠ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶውን ስትተው ኖራ፣ ባዶውን ሙዪ ስትባል የመጀመሪያዋ ነው። እስክሪብቶ ገዝታ ተቀመጠች። ረቂቁ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ መስመሩ መስመር ላይ ይወጣል፣ ፊደሉ ከወረቀቱ ጠርዝ ይወድቃል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ አንድ ቦታ ሀለ ይላል፣ ወረድ ብሎ ለሀ። እንደገና ሀለ፣ እንደገና ለሀ። ሦስት ጊዜ አራትም አራት ጊዜ ሦስትም አሥራ ሁለት መሆኑን ከትምህርት ቤት ታውቃለች። «ወይ ዓይኑ!» አለች በሆዷ። ሀ ከለ በፊት መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ለሀ የሚለውን ባገኘች ቁጥር እያቃናች ሀለ አደረገችው። ረቂቁ ላይም በስሱ በእርሳስ ምልክት ታደርግ ስለነበር ስንት ቦታ እንዳቃናች ታውቃለች። አርባ አንድ።

ገጽ ዘጠና አራት ላይ እጇ ቆመ። እዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ በመሃላቸው የመቀነስ ምልክት አለ። ብታቃናው አንድ ነገር ከራሱ ላይ ሊቀነስ ነው። ይህስ ነገር አለው ብላ ረቂቁን ይዛ ተነሣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ቀጭኑ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ትናንት የሰጠችውን ገጽ ያነባል፤ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ወረቀቱ ተዘቅዝቋል።

ቀስ ብላ ተመለሰች። አሁን ብትጠይቀው ረቂቁን ተቀብሎ እንዳነበበ ሊሆን ነው፤ እሷም እንዳመነች ልትሆን። ያን ሁሉ ውርደት በአንዲት መስመር ምክንያት? የተማረ ሰው መቼም ባዶ ነገርንም በወግ ነው የሚጽፈው ብላ ራሷን አጽናናች፣ መስመሩንም እንደሌሎቹ አቃናችው። የራራችለት መሰላት። እውነትም ራርታለት ነበር።

ቀጭኑ እያንዳንዱን ምዕራፍ «አይቼዋለሁ» ብሎ ፈረመበት፤ ጥናቱ ለሦስት ገምጋሚዎች ሄደ። ከሰባት ወር በኋላ አንድ ገጽ መልስ መጣ። መነጽሬን ረሳሁ ብሎ እሷን አስነበባት። ከመግቢያው ሰላምታ ቀጥሎ የነበረው ዋና ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አቅራቢው አንድን ነገር ከራሱ ላይ ቀንሶ፣ የተረፈኝ አለ ይላል።»

ቀጭኑ መጀመሪያ ሳቀ። «ከራሱ ላይ? እኔ መቼ ነው ከራሱ ላይ የቀነስኩት? ነይ እስቲ፣ ነይ ተመልከቺ።» ጠረጴዛው ላይ የጠመኔ ካርቶን ነበር፣ ጽሑፉ ወደ ላይ። ወደሷ ደፋው፣ ከዚያ በቆመበት ሩብ ዙር አዞረው፤ ጽሑፉ ወደ መስኮቱ ሄደ። እንደነበረ መለሰውና አሁን መጀመሪያ አዞረው፣ ከዚያ ወደሷ ደፋው። ጽሑፉ ፊት ለፊት አፈጠጠባት።

«ያው ሁለት ሥራ ነው» አላት። «ግን የቱ ቀደመ ነው ቁም ነገሩ። ሀለ እና ለሀ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።»

ባዶ ቦታ ክው አለች።  አርባ አንዱም ቦታ ባንዴ ዓይኗ ላይ ተደረደሩ።

«እስቲ ቅጂውን አምጪና ገጽ ዘጠና አራትን አንብቢልኝ» አለ። «ምናልባት እዚያ ላይ ይሆናል።»

አመጣችው። ገጹን ገለጠች። በገዛ እጇ፣ በዚያ በሚያምረው እጇ፣ ሀለ ሲቀነስ ሀለ ይላል። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የረቂቁ ነበር። «ሀለ ሲቀነስ ለሀ» አለች በቃሏ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ።

 የቀጭኑ ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «እንግዲያው ልክ ነው የተጻፈው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ማንበብ አይሳናቸውም። ጠልቀው ያዩት ነገር አለ ማለት ነው።»

ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲደርስ ከነገ ወዲያ። ቀጭኑ በበኩሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ቅዱስ ቃል ያዛት። ልዩነቱ ከላይ ሲታይ እንጂ ከሥሩ የለም ማለታቸው ይሆን? እኔ መሠረት ያልኩት ጥላ ይሆን? እያለ ስድስት ዓመት፣ በስሕተት ከተወለደ ስድብ ውስጥ ጥልቀት ሲቆፍር ኖረ። በመጨረሻ ቆፍሮ አገኘና አረፈው። «ልክ ነበሩ» አላት፣ ሻንጣውን ሲያስር። «ውበት ነው ያታለለኝ።» ጡረታ ወጥቶ፣ ጥናቱን ከነረቂቁ ይዞ፣ እህቱ ቤት ገባ። ጥናቱን ጠይቆ ያጣ ሰው ሲበዛ፣ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ክብሪቱን ፈጠረ። እሷም አላስተባበለችም፤ ከእውነቱ ይልቅ ክብሪቱ ይቀላት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የቀጭኑ እህት ለጡረታ ወረቀት ማኅተም ፍለጋ ቢሮ መጣች።

«እሰይ፣ አገኘሁሽ! ዓይኑ ኦፕራሲዮን ሊሆን እኮ ነው። የፊታችን ሰኞ።»

«ተመስገን! ያያል ማለት ነው?»

«እንደ ልጅ ያያል ብለውናል። መጀመሪያ የማነበው ምኑን ቢለኝ ጥሩ ነው? ያንን መዓተኛ ጽሑፉን! የት እንደሳትኩ በዓይኔ ልየው ይለኛል። አንቺዬ፣ ምነው ላብ አጠመቀሽ?»

ከዚያ ዕለት ጀምራ አራተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፈችው። አርባ አንዱንም ቦታ እንደ ረቂቁ መለሰች። እሷ ዘንድ ከቀሩት የሌሎቹ ምዕራፎች ቅጂዎች ጋር አስጠርዛ፣ ያንኑ የሚመስል ሽፋን አስለበጠች። ሐሳቧ ተንኮል ነበር፤ ልትጠይቀው ትገባለች፣ ስትወጣ ሳይታወቅ አሮጌውን በቦርሳዋ አዲሱን በመደርደሪያው። ያኔ ያነበዋል፣ ልክ እንደነበረ ያያል፣ የሚረገሙት ገምጋሚዎቹ ይሆናሉ። ልታረጋግጥ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ፋሻው ሳይፈታ መሄድ ስትችል ቅዳሜ ሄደች።

እህትየው በሩን ከፍታ ወደ ታጠበው ልብሷ ተመለሰች፤ ሳሎኑ መሃል ቆማ አንሶላ ታጥፋለች። ቀጭኑ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ዓይኑ ላይ ፋሻ የለም። ጉልበቱ ላይ ጥናቱ ተከፍቷል፣ በዚህ ጊዜ በቀናው።

«ነይ» አላት። ትክ ብሎ አያት። «አርጅተሻል።»

«እርስዎስ ጋሼ? ራስዎን ገና በመስታወት አላዩማ!»

እህትየው ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ጣቱን ገጹ ላይ አኖረ። «ሀለ ሲቀነስ ሀለ» አለ።

ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆመች። 

«ረቂቄን አየሁት። በእርሳስ ምልክት አድርገሽበታል። ስንት ቦታ ነው?»

«አርባ አንድ።»

«ያን ዕለት ስታነቢልኝ ግን ልክ ነበር።»

«በቃሌ ነው ያነበብኩልዎ፣ ጋሼ።»

እህትየው አንሶላውን ግማሽ አጥፋ ቀረች።

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ካርቶኑን ሲያዞሩት ጊዜ አወቅኩ።»

ቀጭኑ ገጾቹን አንድ ባንድ ገለበጠ፣ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ስድስቱን ዓመት አላነሣም፤ ዕድሜውንም አልቆጠረባት። ቢጮህባት ትመርጥ ነበር። በመጨረሻ ጥናቱን ዘጋው።

«ከአርባ አንዱ አንዷን እንኳ አልሳትሽም?»

«አንዷንም።»

«ጎበዝ ጸሐፊ ነበርሽ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ባዶ ቦታ አዲሱን ቅጂ ከቦርሳዋ አወጣችው። ማን እንደሚቀበላት አላወቀችም፤ ከታጠፈው ልብስ አጠገብ፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችው። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«አንዷን ብቻ ስቼ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ» አለች፣ «ገምጋሚዎቹ ይነቁብኝ ነበር።»

እህትየው የአንሶላውን ጫፍ ለቀመች።