ጠርዝ ያለውና ጠርዝ የሌለው ክዳን

በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር የአሥራ ሁለት ዓመት እህቴን የአንድ መኮንን ልጅ ዓይን አጥፍታለች ብለው ከትምህርት አባረሯት። ማስረጃው አንድ ክዳን ነበር፤ ያም በርዕሰ መምህሩ ኮት ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

ነገሩ እንዲገባ ጨዋታውን ማስረዳት ይኖርብኛል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እስከ ጦር ካምፑ አጥር በሚደርሰው ሜዳ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የምስጥ ኩይሳዎች ቆመው ነበር። እኛ ልጆች ክዳን እየወረወርን ከኩይሳ ወደ ኩይሳ እንሄዳለን፤ በጥቂት ውርወራ ሁሉንም መትቶ የጨረሰ ያሸንፋል። በሌላ አገር አዋቂዎች ይህንኑ ጨዋታ ለዚሁ በተሠሩ ዲስኮች እንደሚጫወቱት፣ በኩይሳ ፈንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት እንደሚተክሉ፣ ስሙንም ዲስክ ጎልፍ እንደሚሉት ያወቅሁት ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ከወጣሁ በኋላ ነው። ዲስኮቹን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደረድራቸው ሳቅ ይጠብቅ ነበር። እኔ ጠርዛቸውን በጣቴ ዳሰስሁ።

የእኛ ክዳን ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ከትልልቅ ጣሳዎች አፍ በቢላ ተቆርጦ የሚወጣው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው፤ በየሱቁ ጓሮ ይገኛል። ሌላው የቀለም ባልዲ የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጥልቅ። ይህ የሚገኘው ከእኛ ቤት ብቻ ነበር። አባቴ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ አገሩ አልተመለሰም፤ ነገሌ ቀርቶ የሰው ቤት ይቀባ ጀመር።

የሚበር ክዳንን አየር ወደ ላይ የሚያነሳው ልክ ከመሃሉ ይዞ አይደለም፤ ከመሃሉ ወደ ፊት ፈቀቅ ካለ ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት የፊት ጠርዙ ወደ ላይ ቀና ሊል ይሞክራል። ክዳኑ ግን እየተሽከረከረ ስለሆነ ግፊቱ ሩብ ዙር ዞሮ በጎን ይገለጣል፤ ክዳኑ ቀና በማለት ፈንታ ያዘነብላል። ሁላችንም እንደምናደርገው ከደረት አቋርጠው በቀኝ እጅ ከወረወሩት ወደ ግራ፣ በግራ እጅ ከወረወሩት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ጠፍጣፋው ቆርቆሮ ይህ የሚደርስበት ገና ከእጅ ሳይርቅ ነው። ጥልቅ ጠርዝ ግን ያንን የሚያነሳ ኃይል ወደ መሃል ይመልሰዋል፤ ክብደቱንም ዳር ላይ ስለሚሰበስበው ሽክርክሪቱ ይጸናል። ስለዚህ የቀለም ባልዲው ክዳን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሚታጠፈው ፍጥነቱ ሲደክም፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያኔ ማንም በዚህ ቋንቋ አይናገረውም፤ ሜዳው ላይ ግን ሁሉም ያውቀዋል። እህቴ ግራኝ ነበረች፤ የምትወረውረውም ነጭ የቀለም ባልዲ ክዳን ነበር። ተራዋ ሲደርስ የከተማው ነጋዴዎች ልጆች በኦሮምኛ ግራ ማለት በሆነው ቃል እየጠሩ ይጮኹባት ነበር፦

«ቢታ መጣች! ቢታ መጣች! ከቀኝ በኩል ዞር በሉ፣ ጆሮ ትቆርጣለች!»

«የአንተን ጆሮ ምን ላደርገው፤ ለጭልፊትም አይሆን!» ትላቸው ነበር።

በዚያ ቀን ዝናብ ዘንቦ አባርቷል፤ የካምፑ ባንዲራ ተጣብቆ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ አልነበረም። እኔ በአጥሩ ሥር ካለው ቦኖ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌያለሁ። ልጆቹ ተራ መጠበቁን ትተው በአንድነት ወረወሩ። ጩኸት ስሰማ ሮጥሁ። የመኮንኑ ልጅ ከወርዋሪዎቹ ፊት፣ ከአንድ ኩይሳ ጀርባ በስተግራ ተቀምጦ ፊቱን ይዟል። የመታው ክዳን ወደ ኩይሳው ተወርውሮ ወደ ግራ የታጠፈ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ነበር። ጎንበስ ብለው ከመሬት ክዳን አነሡና ኮታቸው ውስጥ አስገቡት። ከነበርሁበት ቦታ ጠርዝ ይኑረው አይኑረው አይታይም። የእህቴ ነጭ ክዳንም ከዚያ በኋላ አልተገኘም።

በማግስቱ አባቴ ቢሮ ተጠራ፤ እኛም ተከትለን በሩ ላይ ቆምን።

«የቀለም ቀቢ ቤት ክዳን ነው። ሌላ ማን አለው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ጌታዬ፣ ክዳኑን አንድ ጊዜ ልየው?»

«ምን ያደርግልሃል? ክዳን ክዳን ነው።»

አባቴን በዕድሜ አይበልጡትም፤ አንተ አሉት። ከኋላችን አንድ የነጋዴ ልጅ ደፍሮ «ቲቸር፣ እሷ እኮ ቢታ ናት፤ የሷ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው» አለ። «አፍህን ዝጋ!» ተባለ፤ ዘጋ። በቀኝ እጃቸው ቆርቆሮ ይወረውሩ ከነበሩት መካከል አንደኛው የርዕሰ መምህሩ ልጅ ነበር። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም።

እህቴ ክብረ መንግሥት ከተማ፣ አክስታችን ዘንድ ተላከች፤ ወደ ትምህርትም አልተመለሰች። አሁን አሬሮ ትኖራለች። ባየኋት ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «እትዬ፣ ዓይኑን ግን እኔ አጥፍቼው ቢሆንስ?» ያላደረገችው ነገር ነው ብዬ ልምልላት እችል ነበር፤ የተማርሁት ግን ያን አይፈቅድልኝም። ጠርዙ ድንጋይ እየመታ የተበላ ክዳን በኃይል ሲወረወር መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ጎን ሊያዘነብል ይችላል፤ የግራኝም ክዳን ወደ ግራ ይሄዳል። በነፋስ ዋሻ፣ ማለትም ለሙከራ ሰው ሠራሽ ነፋስ በሚነፍስበት ቱቦ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ክዳን ደግሞ ያረጀ ነበር። ሳይንሱ እስከዚህ ብቻ ያደርሰኛል።

ባለፈው ዓመት ነገሌ ሄጄ ርዕሰ መምህሩን በራቸው ላይ፣ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«አካም! ናጋ? የቀለም ቀቢው ልጅ! ዶክተር ሆነች ሲሉ ሰማሁ። ያቺ ታናሽሽስ፣ አገባች?»

«ጋሼ፣ ስለ ክዳኑ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«አይ ልጄ፣ የልጅ ጨዋታ! ዛሬም አልረሳሽውም?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም ፀሐዩ በረታ ብለው ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።

አልረሳሁትም፣ ጋሼ። ይቅርታ ይጠይቁኝ አልልዎትም፤ የልጅዎን ስምም እንዲጠሩ አልፈልግም። ያነሡትን ክዳን በእጅዎ ይዘውታል፤ ጣትዎ ዳሩን ነክቷል። ባደባባይ እንዲመልሱልኝ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ ኮትዎ ውስጥ ያስገቡት ክዳን ጠርዝ ነበረው ወይስ አልነበረውም?