ግማሹ የተቀባ ጉብታ

አብዱሰመድ ግንበኛ ነው። ሾላ በር ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ ካያችሁ የእሱ እጅ ነው፤ ሆዱ የተነፋ ካያችሁ ደግሞ ባለቤቱ እሱን ንቆ ሌላ ቀጥሮ ነው። ሾላ በር ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትሄዱ፣ ሲሪንቃ ሳትደርሱ፣ አስፋልቱን ተከትላ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበት በረንዳ ፊቱን ለመንገዱ ስለሰጠ፣ ከምነግራችሁ አብዛኛውን ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

የእኛ ነገር እንዲገባችሁ ወሰናችንን ልንገራችሁ። ወሰናችን አስፋልቱ ራሱ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ምዕራብ ያለው የሾላ በር ከተማ ሲሆን ከንቲባ አለው፣ ምክር ቤት አለው፣ ማዘጋጃ ቤት አለው። ወደ ምሥራቅ ያለው ጉርባ የሚባል የገጠር ቀበሌ ነው፤ እሱም የራሱ ሊቀመንበርና የራሱ ምክር ቤት አለው። ትምህርት ቤቱና መስጊዱ በከተማው በኩል፣ ገበያውና የውሃ ቦኖው በጉርባ በኩል ናቸው። ልጅ አዋቂው ቀኑን ሙሉ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ሲሻገር ይውላል፣ በመሃል ከባድ መኪናው ይወርዳል። ማቋረጫ ማስመር፣ የመኪና ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ ማሠራት፣ የገበያ ቀን ተሽከርካሪ ማስተናበር የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ነው ተብሏል። የጋራ ሲባል ሰምታችሁ ግን ደስ እንዳይላችሁ።

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሲል የአብዱሰመድ ሚስት ናጅዋ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትሻገር ገልባጭ መኪና ገጫት። ሹፌሩ አልቆመም። ቢጫው ጀሪካን ተንከባሎ በረንዳዬ ሥር መጣ፤ ውሃው አልፈሰሰም ነበር። ናጅዋ እዚያው አለፈች፣ አላህ ይርሀማት። መኪናው ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በእኛ አገር ሰው በሰው እጅ ሲሞት፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ አበጋር ይጠራል። አበጋር ማለት የማስታረቅን ሥራ ከአባት ከአያቱ የወረሰ ሽማግሌ ነው፤ የእኛው ሸህ ኡበይደላ ናቸው። ገዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ የሟች ወገን ፊት ይቆማል። የሟች ወገን ድንጋዩን ካወረደለት ደም ደረቀ ይባላል። ድንጋዩ ወንዝ ይጣላል፣ ሸሁ ፋቲሃ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያንም እስላምም እኩል «አሚን» ይላል። ለናጅዋ ግን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ አልነበረም።

«ሂሻም፣ አንድ ሰው መጥቶ ‹እኔ ነኝ› ቢለኝ እኮ እተኛ ነበር» አለኝ አብዱሰመድ አንድ ቀን፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ።

ሹፌሩን ቢያጣ ወደ መንገዱ ዞረ። ሌላ ሰው እንዳይሞት ጉብታ ይሠራልን ብሎ ማዘጋጃ ቤት ገባ። «ጋሽ አብዱሰመድ፣ እርስዎ የጠየቁት ተገቢ ነው» አሉት፤ «ነገር ግን አደጋው የደረሰው በጉርባ በኩል ስለሆነ እነሱ ይጀምሩት»። ጉርባ ሄደ። «ከተማ የተባለው እሱ፣ መሐንዲስ ያለው እሱ፤ እኛ ምን አለን?» አሉት። የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ ተባለ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላው ሲመጣ አንዱ መስክ ወጥቷል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ሁለቱንም ተክለን የምንንጠለጠልበት አጣን።

አብዱሰመድ በዚህ ተስፋ ቆርጦ እንደ አባቶቹ ደቦ ጠራ። እርሻ በደቦ ይታረሳል፣ ቤት በደቦ ይቆማል፤ ጉብታ በደቦ የማይሠራበትን ምክንያት ማንም ሊነግረው አልቻለም። እኛም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ወጣን። ድንጋዩን ከወንዝ በአህዮቹ ጭኖ ያመጣው ንጉሴ ነው። ንጉሴ የጉርባ ገበሬ ነው፤ ከአብዱሰመድ ጋር ከልጅነት አብረው ያደጉ፣ አንዱ ለፋሲካ አንዱ ለዒድ የሚጠራሩ ናቸው። የንጉሴን ቤት መሠረት የጣለው አብዱሰመድ ነው። ማለዳ ጀምረን፣ እየዘፈንን፣ መኪና ሲመጣ እያሳለፍን፣ ድንጋይና ሲሚንቶውን ከዳር እስከ ዳር አጋደምነው። አብዱሰመድ በውሃ ልክ ለካው፤ ለአስፋልትም ቢሆን ጠማማ ሥራ አይወድም።

በማግስቱ የመጣው ተሳቢ ሁሉ ከጉብታው ሲደርስ ፍሬን እየያዘ ዝቅ ከፍ እያለ አለፈ። ንጉሴ ዳር ቆሞ እየሳቀ፣ «አብዱ፣ ይኸው ሹፌሩን ሁሉ አሰገድከው» አለው። ናጅዋ ከሞተች ወዲህ አብዱሰመድ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ሳይሮጡ ተሻገሩ። ደስ ብሎን ነበር፤ ይህን አልክድም።

ጉብታ ግን ከሩቅ መታየት አለበት። አብዱሰመድ ኖራ በጥብጦ ነጭ ቀባው፤ ክረምቱ ገባና አጠበው። ዘይት ቀለም ለኪሱ ስለከበደው እንዲሰጡት ማዘጋጃ ቤት ሄደ። እነሱም ጉብታውን ማን ፈቀደ አላሉም፣ በርታም አላሉም። ከሰነበቱ በኋላ አንድ ቀለም ቀቢ ላኩ። ሰውየው ከበረንዳዬ ፊት ጀምሮ ነጭና ጥቁር እያደረገ አሳምሮ ቀባ፤ አስፋልቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቡሩሹን አንስቶ ቆርቆሮውን ከደነ።

«ምነው? ጨርሰው እንጂ» አለው አብዱሰመድ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ የእኛ አይደለም። ብቀባው እጠየቃለሁ።»

አብዱሰመድ ያንኑ ዕለት ጉርባ ሄደ። ሊቀመንበሩ «ለቀለም የተያዘ በጀት የለንም፤ ሲመጣ እናያለን» አለው። መንደሩ በግማሹ ጉብታ ሳቀበት፣ ስም አወጣለት፣ ፎቶ ተነሣበት። አብዱሰመድ አልሳቀም። በጉርባ በኩል እንጨት ተክሎ ከእኔ የወሰደውን ቀይ ጨርቅ አሰረበት፤ የገበያ ቀን በከብት ግፊያ ተነቀለ፤ እንደገና ተከለው፤ እንደገና ተነቀለ።

ንጉሴ ልጅ ነበረው፤ ስሙ አለሙ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡን ሊጠይቅ በሞተር ሳይክሉ መጣ። ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚመጣ ሰው ቀኙን ይዞ ነው የሚነዳ፤ የእኛ ቀኝ ደግሞ ጉርባ ነው፣ ያልተቀባው። ጊዜው መሽቶ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር፤ ያካፋል፤ ጉብታው ላይ ጭቃ ወርዶበታል። አለሙ ያደገበትን መንገድ ሜዳ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ወደ ቤቱ የቀረበ ልጅ ደግሞ ፍጥነት አይቀንስም። ሞተሩ ጉብታው ላይ ሲወድቅ ሰምቼ ስሮጥ አብዱሰመድ ቀድሞኝ ደርሶ የልጁን ራስ ታቅፎ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ወልድያ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ፖሊስ መጥቶ ጉብታውን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ደቦ ነው አልን፤ ውሸት አልተናገርንም። የሚያናድደኝ የቢሮዎቹ ነገር ነው። ያን ሁሉ ወር የእኛ አይደለም ሲሉ የከረሙት ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ «በመንገዳችን ላይ ሕገ ወጥ ግንባታ ተፈጽሟል» ብለው አመለከቱ። መንገዱ ባለቤት ያገኘው ለክስ ነው። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አብዱሰመድ በአለሙ ቀብር ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይገባ ከሩቅ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን ዘጋ። ልጠይቀው ሄድኩ።

«ዝም በል» አልኩት። «ደቦ ባለቤት የለውም። ማንም ስምህን አይጠራም፣ ተማምለናል።»

«ደቦ ጠሪ አለው» አለኝ። «ጠሪው እኔ ነኝ።»

«እስር ቤት ልትገባ ነው እኮ፣ አቦ። ለማን ብለህ?»

«ለንጉሴ ብዬ። የናጅዋን ደም ባለቤት አጥቼ ምን እንደሆንኩ አይተሃል። እሱ እንደኔ ሌሊቱን ሙሉ ‹ማን ነው?› እያለ እንዲያድር አልፈልግም።» እንባው መጣበት።

አብዱሰመድ ሸህ ኡበይደላ ቤት ሄዶ አበጋሩን ራሱ ጠራ። ሸሁ ሰሙት። በኋላ በጁምዓ ማግስት ሰው ሁሉ ከገበያው ሾላ ሥር እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ከንቲባውንና የጉርባን ሊቀመንበርም አስጠሩ። የአበጋር ጥሪ እምቢ አይባልምና ሁለቱም መጡ፤ ወንበር ተሰጣቸው። ንጉሴ ጥቁር ለብሶ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ከዘመዶቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሸሁ መሬቱ ላይ ሦስት ድንጋይ አስደረደሩ። ሦስቱም ከዚያው ወንዝ የመጡ ናቸው።

«አንዱ ለሠራው» አሉ። «ሁለቱ፣ ይህን መንገድ ጠብቁ ተብሎ በአደራ ለተሰጣቸው። የልጁ ደም የማን ነው?»

ከንቲባው ቀድሞ ተናገረ። «ሸህዬ፣ እርስዎን እናከብራለን። በሐዘኑም ከቤተሰቡ ጋር ነን። ግን እኛ ድርሻችንን ቀብተናል፤ አደጋው የደረሰው በእኛ በኩል አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ደግሞ፣ «እኛ አልፈቀድን፣ አላሠራን፤ በሌለንበት በተሠራ ነገር እንዴት እንጠየቃለን?» አለ።

አብዱሰመድ ከሕዝቡ መሃል ተነሣ። ነጠላ ጫማውን አወለቀ፣ ከሦስቱ ትልቁን ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ንጉሴ ፊት ቆመ። «ደቦውን የጠራሁ እኔ ነኝ። ልኩን የለካሁ እኔ ነኝ። ያልተቀባውን እያየሁ የተውኩት እኔ ነኝ። ልጅህን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ንጉሴ።»

ንጉሴ ቶሎ አልተነሣም። የአብዱሰመድ አንገት ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። አንድ የንጉሴ ዘመድ ተነሥቶ ሊያወርድለት ሲል ንጉሴ በእጁ መለሰው። ከዚያ ራሱ ተነሥቶ ሄደና ድንጋዩን ያዘ። ያዘው እንጂ አላወረደውም፤ ግማሹን ክብደት ተቀበለው።

«ይህን ድንጋይ በአህያዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ልጄን በስልክ ሳገኘው ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ነገርኩት፣ ስለ ጉብታው ግን አልነገርኩትም። ብቻህን አትሸከመውም፣ አብዱ።»

ሁለቱ አብሮ አደጎች ድንጋዩን አብረው ተሸክመው ወደ ወንዝ ወረዱ። እኛም ተከተልናቸው፣ ውሃው ውስጥ ጣሉት። ስንመለስ ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ሁለቱ ድንጋዮች እንደተቀመጡ ናቸው። ሸህ ኡበይደላ እጃቸውን ለፋቲሃ አነሡና መልሰው አወረዱት። «ደሙ አልደረቀም፤ የቀረ አለ» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ጉብታውን ለማፍረስ ሁለቱ ምክር ቤቶች ባንድ ጠዋት ተስማሙ። የእኛም የጉርባም ሠራተኛ ጎን ለጎን ሆኖ ሲቆፍር ዋለ፤ እንዲህ ሲፋቀሩ አይቼ አላውቅም። አሁን መንገዱ ሜዳ ነው፣ ተሳቢው እንደ ድሮው ይምዘገዘጋል፣ እኔም በመርፌዬ ላይ ዓይኔ አያርፍም። አብዱሰመድ የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ይጠብቃል። ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት እሱ በከተማው በኩል፣ ንጉሴ በጉርባ በኩል ቆመው ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ ልጆቹን ያሻግራሉ።

ሁለቱ ድንጋዮች ዛሬም ሾላው ሥር አሉ። የደከመው ገበያተኛም አይቀመጥባቸውም። ባለፈው ሰሞን አብዱሰመድን፣ «እባክህ ተሸክመን ወንዝ እንጣላቸውና ሸሁ ፋቲሃውን ያድርጉ፣ ልጁም ይረፍ፣ እኛም እንረፍ» አልኩት። ጨርቁን እያጠፈ ወደ ድንጋዮቹ ተመለከተ።

«አይሆንም፣ ሂሻም» አለኝ። «እነዚያ የእኔ አይደሉም።»