አዬን ለሠርግ ላመጣ፣ ሻጣፍ ይዤ ወደ ቦምቤ

ዓርብ ማለዳ፣ ሶዶ

ከቤት ስወጣ የዳሞታ ተራራ አናት አይታይም፤ ደመናው እስከ ወገቡ ወርዶ ተኝቶበታል። የጥር ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ የምትሸጠው ሴት ገና ከሰሏን እያራገበች ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ቆሜ ጠጣሁና ወደ አረካ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ፌስታል አፉ ክፍት ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አየው።

«እትዬ፣ ቱቦው ለመኪና እጥበት ነው?»

«ለሰው ነው» አልኩት።

«ሻወር ማለት ነው?»

«ሻወር ከላይ ወደ ታች ነው። ይኼ ከታች ወደ ላይ ነው።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ሳቀ። «ገባኝ! ዱባይ እያለሁ ለምጄው፣ አገሬ ስገባ መጀመሪያ የናፈቀኝ እሱ ነው!» ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌ ምን እንደናፈቀው ጠየቁት። ነገሩን እስኪያስረዳቸው ድረስ ከተማውን ለቀን ወጣን።

እኛ ቤት ሶፍት መግዛት ካቆምን ቆይተናል። ያስጀመረችን ከቤይሩት የተመለሰችው ተከራያችን መሠረት ናት። ሰርቪስ ቤቷ እንደገባች ከሽንት ቤቱ ጎን መርጫ ያለው ቱቦ አስገጠመች፤ ዓረቦቹ «ሻጣፍ» ይሉታል አለችን። እኔ ሳቅሁባት። እሷም «እትዬ፣ ድስትሽን በወረቀት ጠርገሽ ወጥ ትሠሪበታለሽ?» አለችኝ። ለነገሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በማንቆርቆሪያ ሲታጠቡ የኖሩ ናቸው፤ አዲስ የሆነው ለእኛ ነው። በሳምንቱ እኛም አስገጠምን። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን በቅዝቃዜው ጮኸ፣ አኮረፈ፣ ከዚያ ለመደ። አሁን መስክ ውሎ ሲመለስ ሰላም የሚለኝ ከሻጣፉ ቀጥሎ ነው። ታጥቦ በትንሽ ፎጣ ማድረቅ፣ በቃ፤ ሁሉም የየራሱ ፎጣ አለው። አንድ ጊዜ አለቃው እራት ተጋብዞ መጥቶ፣ መርጫውን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጨመቀው መሰለኝ፣ ሲወጣ ኮሌታው ያንጠባጥብ ነበር። «ፊቴን ታጥቤ ነው» አለን። እኛም አመንነው።

ዛሬ የምሄደው ግን ለቁም ነገር ነው። እናቴን አስቴርን ሁላችንም በወላይትኛ «አዬ» ነው የምንላት። ቦምቤ ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ከማርቆስና ከሚስቱ ከአልማዝ ጋር ትኖራለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቆማ መራመድ ብትችልም ቀኝ እጇ አልተመለሰላትም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ልጄ ሕሊና ታገባለች። አዬ «አልመጣም» አለች። «መንገዱ ይከብደኛል።» ሕሊና በስልክ አልቅሳ ለመነቻት፤ እምቢ አለች። ሳትመርቀኝ አላገባም ብላ ልጄ ቤቱን አመሰችው።

ከትናንት በስቲያ አልማዝ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ መንገዱ አይደለም» አለችኝ። «ሽንት ቤት ገብታ በግራ እጇ ብቻ መጥረግ አይሆንላትም። የማግዛት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። እናንተ ቤት እንግዳ ሞልቶ ማን ያግዘኛል ብላ ነው። ምግብም የቀነሰችው ለዚያ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ቀጥታ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ።

ረፋድ፣ አረካ

መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ከየደጁ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቤቶቹን ሸፍኗቸዋል፤ በመካከሉ አቮካዶ፣ ቡና፣ ቀይ አፈር። ዱቦ ላይ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄዱ ሰዎች ወረዱ። አንዲት አሮጊት ልጃቸው ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ «ተይኝ፣ እችላለሁ» ብለው ብቻቸውን ወረዱ። ከወረዱ በኋላም ዞረው «አየሽ?» አሏት። እስኪርቁ ድረስ በመስኮቱ ሳያቸው ቆየሁ።

አረካ ቆጮ በአይብና በዳጣ በላሁ። ዳጣውን ያቀረበችልኝ ልጅ «ያቃጥላል፣ ቀስ ብለሽ» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም፤ እንባዬ እየወረደ ጨረስኩት። የቦምቤው መኪና የዝንጅብል ጆንያ ጣሪያው ላይ ጭኖ ተነሣ። አቧራው በመስኮት ይገባል፣ ከላይ የዝንጅብል ሽታ ይወርዳል፤ ስናስነጥስ ሁሉም በየቋንቋው ይማራችሁ ይለናል።

ቀትር፣ ቦምቤ

አዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስታለች። በግራ እጇ አንገቴን ስባ ሳመችኝ፤ ከዚያ ፌስታሉን አየች።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ወንድሜና ሚስቱ ዞር እስኪሉ ጠበቅሁና ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ምን እንደሚያደርግ፣ በአንድ እጅ እንደሚያዝ፣ እኛ ቤት ሁላችንም እሱን እንደምንጠቀም። ስትሰማኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አልማዝ ነገረችሽ?»

«ለአንቺ ብላ ነው» አልኩ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

ፊቷን ወደ ጓሮው አዞረች። «አልጋ ላይ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አልተዋረድኩም» አለች። «ሰባት ልጅ አጥቤ ያሳደግሁ ሰው ነኝ እኮ።» እኔም አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ፣ «በይ ግጠሚው። ካልሆነ ግን ሠርግ የሚባል እንዳታነሺብኝ» አለች።

ማርቆስ ለእሷ ብሎ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ሠርቷል፤ ውኃው ግን በባልዲ ነው የሚደፋው። ከግቢው ታንከር ቱቦ ስበን፣ መጋጠሚያውን ውኃ እንዳያፈስ በቴፍሎን ጠቅልለን፣ ቁልፉን እየተቀማማን አጠበቅን። መርጫውን በግራ በኩል ሰቀልነው። ማርቆስ ጨመቀው። ውኃው እንደ ሕፃን ምራቅ ተዝረበረበ።

«ይኼ ምን ያጥባል?» አለ።

ታንከሩ መሬት ላይ ነው፤ ግፊት ከየት ይምጣ? ከፍ ማለት አለበት። ማርቆስ ጎረቤቶቹን ጠራ። አቶ ዳና የሚባሉት፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማው ጎረቤት፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ትከሻቸው ላይ ይዘው መጡ። ሌሎቹ ሚስማርና መዶሻ አመጡ። ከሰዓቱን በሙሉ ቆጥ ሠሩ። ታንከሩን ባዶውን አንሥተው ሲሰቅሉት ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ ከዚያ ውኃውን እየተቀባበሉ መለሱበት።

«ግን ለምንድን ነው?» አሉ አቶ ዳና ላባቸውን እየጠረጉ።

ማርቆስ እኔን አየኝ። «ለጎመኑ ነው» አለ። «ጎመን ልናጠጣ።»

«ጥሩ አስባችኋል!» አሉ አቶ ዳና። «ለእኛም ትልኩልናላችሁ።»

አዬ በረንዳው ላይ ሆና አንገቷን ደፋች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦምቤ

ጠዋት አዬ ብድግ ብላ «ማንም እንዳይከተለኝ» አለች። በሩን ከውስጥ ስትቀረቅር ሰማን። እኔ፣ አልማዝና ማርቆስ ግቢው መሐል ቆመን ቀረን። ማርቆስ ያልነበረ አረም መንቀል ጀመረ። አልማዝ ክንዴን ጨብጣ ይዛዋለች። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ብትወድቅስ? እጇ ባይታዘዝስ? ከሶዶ ይዤላት የመጣሁት ተስፋ እዚሁ ቢቀርስ?

«ኡይ!» አለች ከውስጥ።

ወዲያው ውኃ ከቆርቆሮው ጋር ተላተመ፣ ጣሪያውን እንደ ሐምሌ ዝናብ ደበደበው። አልማዝ ሮጣ በሩን ነካች።

«አዬ! ልግባ?»

«እንዳትገቢ! ገና ነኝ!»

ከዚያ ሳቋ መጣ። መጀመሪያ አፍና ነበር፣ በኋላ አልቻለችም። ከታመመች ጀምሮ ያን ሳቅ አልሰማነውም ነበር። ማርቆስ አረሙን ጥሎ ቀና አለ።

በሩ ተከፈተ። ሻሿ ርሷል፣ ከቅንድቧ ውኃ ይወርዳል፣ ፎጣው በግራ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል። እንደ ሹም በሩ ላይ ቆማ አየችን።

«ሎዖ!» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ አልማዝ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሥራ ጡረታ ወጥተሻል።»

አልማዝ እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች። አዬ በደህናው እጇ አቅፋት «ቁርስ የለም እንዴ?» አለች። የቀረበላትን ጨርሳ እንደገና ሳህኑን ዘረጋች።

አቶ ዳና በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «እማማ አስቴር፣ ጎመኑ እንዴት አደረ?»

ማርቆስ አፉን ሲከፍት አዬ ቀደመችው። «የምን ጎመን! ልጆቼ አፍረው ነው። እኔን ለማጠብ ነው የሰቀላችሁት። እጄ እምቢ ብሎኝ የሰው እጅ ስጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ራሴን ችዬ ታጠብኩ። ክንዳችሁ ይባረክ።»

አቶ ዳና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ጉልበቴ ቁጢጥ ማለት ካስቸገረኝ ሰነበተ... እስቲ ልየው» አሉ። አዬ ራሷ እየመራች ወሰደቻቸው።

ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ጻፊው» ብላኛለች። «እኔ አፍሬ የከረምኩት ይበቃል።»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወደ ሶዶ

አዬ የሠርጉን ቀሚስ በሻንጣ አስይዛ መስኮት ዳር ተቀመጠች። አረካ ላይ ሚኒባስ ቀይረን ገና ከመነሣታችን ከጎኗ ያለችውን ተሳፋሪ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ባሏ ወገቡንና ቀኝ ክንዱን ተመትቶ እንደተኛ፣ መድኃኒት ለመግዛት ሶዶ እንደምትሄድ ነገረቻት። ጎንበስ ማለት አይችልም አለች። ሌላውንስ ምኑን ልንገርዎት፣ አለች።

አዬ ጠጋ አለች። በወላይትኛ የጀመረችው ሹክሹክታ ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ግራ እጇ አየር ላይ ይጨምቃል። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው ማዳመጥ ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ «ውኃው አይቀዘቅዝም?» ብሎ ጠየቀ። «ይቀዘቅዛል» አለች አዬ፤ «ወጣት ያደርጋል!» ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ።

ሶዶ መናኸሪያ ስንወርድ ሴትየዋ አልሄደችም። የአዬን ነጠላ ጫፍ ይዛ፣ «እማማ፣ መሸጫውን ያሳዩኝ» አለች። እኔ አዬ ደክሟታል፣ ቤት እንግባ፣ ሕሊና እየጠበቀች ነው አልኩ። የሰማኝ የለም። ሁለቱም ተያይዘው በቅዳሜ ገበያ ግርግር መሐል ወደ ፊት ሄዱ፤ እኔ ሻንጣውን ይዤ ተከተልኩ።

ባለ ሱቁ መርጫውን አውርዶ ሰጣቸው። አዬ ተቀብላ ገለባበጠችው። «በግራ በኩል ነው የሚሰቀለው፣ እሱ ግራ ክንዱን ነው የሚያነሣው ብለሽኛል» አለቻት። «ታንከራችሁ መሬት ላይ ከሆነ አይሆንም፤ ስቀሉት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጨምቅ፣ እንደ እኔ ጣሪያ እንዳያጥብ።» ሌሎች ገዢዎች ከበቧት። ባለ ሱቁ ወንበር አመጣላት። ቁጭ አለችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ስልኬ ጮኸ። ሕሊና ናት።

«እማዬ፣ የት ናችሁ? አዬ መጣች? በእውነት መጣች?»

ስልኩን በአዬ ጆሮ ላይ አደረግሁላት። ልጄ እያለቀሰች የምትለውን ሁሉ እየሰማች ፈገግ አለች።

«መጥቻለሁ፣ የኔ ልጅ፣ መጥቻለሁ» አለች። «ትንሽ ጠብቂኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»