አባቴ አገሩን የተጠየቀ ዕለት

ያ ስብሰባ ያስከፈለኝ አባቴን ነው። ነጋዴ ነኝና ኪሳራ አውቃለሁ፤ በአንዲት ቃል የከሰርሁት ግን ያኔ ብቻ ነው።

አሁንም ነጭ ጋዝና የልብስ ሳሙና አንድ ላይ ሲሸተኝ፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ አጠገብ በነበረው ሱቃችን ውስጥ እቆማለሁ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤ ከጣና የሚመጣው ነፋስ እርጥብ ደንገል ይሸታል። አባቴ በልጅነቱ ከየመን፣ ከሐድራሞት መጥቶ፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን እናቴን አግብቶ የቀረ ሰው ነበር። ሰፈሩ ሱቁን «ዓረብ ቤት» ይለዋል። አማርኛን ከዘጌ ቡና ከሚያመጡ ታንኳ ቀዛፊዎች ስለተማረ «ሄድሁ፣ ሸጥሁ» የሚል የለየለት ጎጃሜ ነበር፤ «ፐ» ብቻ አልታዘዝ ብላው ቀረች። ጎረምሶች ሊገዙ ሳይሆን ሊሰሙ ይመጡ ነበር።

«ሐጂ፣ ፓፓያ አለ?»

«ባባያ የለም። ሥራ ፈት ግን ሞልቷል።»

በደርግ ጊዜ የውጭ ዜጋ ሱቅ እንዳይዝ፣ ወዳገሩም እንዲገባ ተባለ። አባቴ ወረቀት የለውም፤ የዚሁ ሰው ነኝ ካለ ግን ጎረቤት መስክሮለት ያልፋል። እናቴ አስጠናችው። «ባሕር ዳር ነው ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ።» እሺ አላት።

ስብሰባውን የመራው የቀበሌው ሊቀመንበር የኛን ከረሜላ እየላሰ ያደገ ልጅ ነበር። «ዜግነትህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢያፈጥበት ኖሮ አባቴ ያጠናውን ይል ነበር። ልጁ ግን አፈረ መሰለኝ፣ መንገደኛ መንገደኛን እንደሚጠይቀው በአክብሮት ጠየቀው።

«አባባ፣ አገርዎ የት ነው?»

በኛ ዘንድ ይህ የአባት ጥያቄ ነው። አባትህ የይፋግ ሰው ከሆነ ባሕር ዳር ብታረጅም አገርህ ይፋግ ነው፤ ሌላ ካልህ አባቱን የካደ ትባላለህ። አባቴ ወጉን አሳምሮ ያውቃል። ቀና አለና፣

«አገሬስ ሐድራሞት ነው» አለ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ሊመሰክሩለት የመጡት ጎረቤታችን መሪጌታ ደነገጡ። «ኧረ ሐጂ፣ የሚኖሩበትን ነው የጠየቁዎ!»

«ቤቴማ እዚሁ ነው። የጠየቀኝ አገሬን ነው።»

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያየ «ሰምተናል» አለ። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ምን ያድርግ።

አባቴ እናቴን አብረን እንሂድ አላት። «አባቴ የተቀበረው ወረታ ነው። አገሬን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለችው። አልተቆጣትም፤ እሱን ያስወጣችው ቃል እሷን አስቀረቻት። እኔም ብቻዋን አልተዋት ብዬ ቀረሁ። አባቴ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋዙን ከስኳሩ አርቀው» አለኝ። ሱቁ ግን ከታሸገ ሰንብቶ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከሐድራሞት የመጣ ነጋዴ ስለሱ አወራኝ። ዓረብኛው ጎጃምኛ ሆኖ ልጆች ይስቁበታል፤ መንደሩ «ሐበሻው» ይለዋል አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ነጋዴው ግን አልጨረሰም ነበር፤ መሞቱን የነገረኝ ከሳቅሁ በኋላ ነው።

እናቴ ወረታ ተቀበረች። አባቴ ሐድራሞት ተቀበረ። እኔ ባሕር ዳር እነግዳለሁ፤ ሰፈሩ የዓረቡ ልጅ ይለኛል።