ሰላምታዬን ያላስጨረሰችኝ ሴትዮ

እናቴን ላስታምም ደጋ ወዳለው መንደሯ ኦቾሎ ወጥቼ ስቆይ የልጄ የኩፍኝ ክትባት ቀን አለፈብኝ። ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ የነርሶቹን ቁጣ ፈራሁ፤ ዝም እንዳልል ልጄ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ? ጎረቤቴ ጭንቀቴን አይታ፣ "ሴቻ ሰፈር ባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ በኢንተርኔት የሚሠራ ስክሪን ተተክሏል። ማንበብ አያስፈልግሽም፤ ሥዕሉን ስትነኪው በጋሞኛ ይነግርሻል" አለችኝ።

ልጄን አዝዬ ሄድኩ። የመርፌውን ሥዕል ስነካ አንዲት ሴት በቋንቋዬ፣ "እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ?" አለችኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ?" ስላት እሷ ስለ ክትባት ማውራት ጀምራለች። ተቀየመችኝ ብዬ ሥዕሉን እንደገና ነካሁና ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ስክሪን ምን ከብት አለው? ዝም ብለሽ ስሚያት እንጂ!" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አፍሬ ጆሮዬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ።

ያኔ ነው የሰማኋት። "ቀኑ ያለፈበት ልጅም ይከተባል። አትፍሪ፣ ይዘሽው ሂጂ" ትላለች። እንባዬ መጣ።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ" አልኩት ስክሪኑን።

"አሜን" አለችኝ አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ ከጎኔ ቆማ። "ነይ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ አብረን እንሂድ።"

ዞር ብዬ አየኋት። ስክሪኑ ዝም ብሏል፤ የሠራተኛዋ ድምፅ ግን ያው ስክሪኑ ውስጥ የሰማሁት ነበር።