አባቴ «ሱታ» ያለበት ኩርባ

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሐያት ወንበሯን ወደኔ ስባ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው። አባቷ የሚኒባስ ሾፌር ናቸው፤ «እኔው አለማምድሻለሁ» ብለዋታል። እሷ ግን የሚኒባሱን ማርሽ ገና ሳትነካው ጠልታዋለች።

«አሁን አገሩ ሁሉ በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ አይደል? እሱ ደግሞ ማርሽ የሚባል ነገር የለውም። ነገ የማልነካውን ዛሬ ምን አስለፋኝ? አንቺ በማንዋል ነው የተማርሽው አሉ። ጠቀመሽ?»

ለመልስ የምፈጥን ሰው አይደለሁም። «አስቤ ልንገርሽ» አልኳት። «ለዚህም ማሰብ አለ?» ብላ ሳቀችና ወደ ምሳዋ ተመለሰች። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት አንዲት ደብዳቤ እንኳ በቅጡ አልጻፍኩም።

አባቴ አሮጌ ነጭ ፒክ አፕ ነበረው። እሑድ እሑድ ከከሚሴ ተነስቶ ሰንበቴ ገበያ ይወርዳል፤ ሲሄድ የነጋዴ ዕቃ፣ ሲመለስ ፍየል ይጭናል። በዚያ መንገድ ላይ እንደሱ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው አልነበረም። ከኋላው ጡሩምባ ሲያስጮሁበት ዞር ሳይል «ሱታ» ይላል። ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። እኛ ቤት ግን ቃሉ ብዙ ሥራ ነበረው። ፍየል ሲያወርድ ሱታ፣ እማ ስትቆጣ ሱታ፣ እኔ ለፈተና ስጨነቅ «አብሽሪ ልጄ፣ ሱታ»። በመኪናው የኋላ በር ላይም በቀይ ቀለም አስጽፎታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ስለሚያበዛ፣ የባጃጅ ሾፌሮች «እንቁላሉ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ገና ብቅ ሲል «እንቁላሉ መጣ! እንዳትሰብሩት፣ ጥጋችሁን ያዙ!» ይባባላሉ። እሱም ከነሱ ጋር ይስቃል።

ልጅ ሳለሁ እሑድ አመሻሽ በር ላይ ቆሜ የምጠብቀው እሱን ብቻ አልነበረም። ማሽላው በሚያሽትበት ወቅት ከሆነ አንድ እስር ጥንቅሽ ሳይዝ አይመጣም። ልጣጩ ከንፈሬን እየቆረጠኝ፣ ጣፋጩ ውኃ በአገጬ እየወረደ፣ አገዳውን አንድ በአንድ እጨርሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ጥንቅሹ ተረሳ፤ ወይም የተረሳ መሰለኝ።

መንዳት ሊያስተምረኝ የጀመረው የሦስተኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ ነው። ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ወሰደኝና መጀመሪያ ያሳየኝ እንዴት እንደሚቆም ነበር። «ፍሬኑን ስትይዢ በግራ እግርሽ ፍሪሲዮኑንም ርገጪ፣ አለዚያ ሞተሩ ይጠፋል» አለኝ።

«መቆም ደግሞ ምን ትምህርት አለው? አንዴ መሄዱን አሳየኝ» አልኩት።

«መሄድማ ማንም ይሄዳል» አለኝ።

ስንመለስ ባጃጆቹ በሚሰለፉበት ቦታ ሞተሩ ጠፋብኝ። አስነሳሁት፤ ጠፋ። እንደገና አስነሳሁት፤ መኪናው እንደ ፍየል ሁለቴ ዘሎ ጠፋ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር «ኧረ ኑ እዩ! እንቁላሉ ጫጩት ፈለፈለ!» ብሎ ሲጮህ መንገዱ ሁሉ በሳቅ ተሞላ። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ «ነይ እንጂ» ሲለኝ «አውቶማቲክ ስትገዛ እማራለሁ» አልኩት። አልተቆጣም። «እሺ፣ ሱታ» ብሎ ብቻውን ሄደ። በዚያ እረፍት ሌላም ሦስት አራት ጊዜ ጠይቆኛል። ሁልጊዜም ምክንያት ነበረኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ለሱብሒ ሶላት ውዱ ሊያደርግ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ደሴ ታክሞ ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም ነበር። ከአንደበቱ የተረፈችውም አንዲት ቃል ናት። ሲጠማው ሱታ፣ ሲያመው ሱታ፣ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ሱታ። እማ ድምፁን ብቻ ሰምታ ትለየው ነበር። «ይኼ የውኃው ነው፤ ይኼ የንዴቱ ነው» ትላለች። እኔ አልችልም ነበር። የተማርኩት እኔ፣ ቋንቋው የገባት እሷ።

ክረምቱን ፒክ አፑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳር ጎማውን ዋጠው። አባቴ ደጅ እየተቀመጠ እሱን ሲያይ ይውላል። አጎቴ ሰይድ አንድ ቀን «መኪና ከቆመ ይሞታል፤ ይሸጥ» ብሎ ገዢ ይዞ መጣ። አባቴ እግሩን እየጎተተ ሄዶ በግራ እጁ የበሩን እጀታ ጨበጠ። «ሱታ! ሱታ! ሱታ!»

እማ «ይኼንንስ እኔ መተርጎም የለብኝም» አለች።

ያኔ ነው ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ እነዳዋለሁ» ያልኩት።

አጎቴ ዞሮ አየኝ። «አንቺ? በባጃጆቹ ፊት ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም የምትሄጂው?»

«እስከ ጥቅምት ጠብቁኝ፤ ሰንበቴ ወስጄ ካልመለስኩት ያኔ ይሸጥ።»

ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ተማርኩ። መንጃ ፈቃዱን አገኘሁ፤ እጄ ግን ማርሹን አያምነውም፤ ሦስተኛ ያልኩት አንደኛ ይሆንብኛል። መጀመሪያ አባቴን ገቢና አስገብቼ ከግቢ የወጣሁ ቀን፣ ፍሪሲዮኑን ረግጬ እጄ ሲያመነታ፣ የእሱ ግራ እጅ ቀድሞ ማርሹን ያዘና አንደኛ አስገባው። ከዚያ በኋላ እንዲሁ ሆነ። እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ያስገባል። ሞተሩን በጆሮው ይሰማና በጣቱ ማርሹን መታ ያደርጋል፤ ርገጪ ማለቱ ነው። ሁለት ሰው ሆነን አንድ ሾፌር ወጣን። በባጃጆቹ ፊት ስናልፍ ማንም አልሳቀም። ያ «ጫጩት ፈለፈለ» ያለው ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ጠዋት ሰንበቴ ሄድን። ማሽላው ቀይ ራሱን ደፍቷል፤ ወፍ የሚጠብቁ ልጃገረዶች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ያስጮሃሉ። የካራቆሬን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው። ገበያው ስንደርስ የፍየል ነጋዴዎቹ መኪናውን ከበቡት። «አካም ጅርታ!» እያሉ በመስኮቱ ግራ እጁን ይስማሉ። አንድ ሽማግሌ ወዳጁ «ወላሂ፣ እንቁላሉ ሾፌር ቀጠረ! ምን ያህል ትከፍላታለህ?» ሲሉት በግማሽ አፉ ሳቀ። ከአፋር ሴቶች የገዛሁትን የግመል ወተት በጣሳ አጠጣሁት፤ የፈሰሰውን በሻርፔ ጠረግኩለት። ከወደቀበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ስንመለስ፣ ዳገቱ ሳይጀምር አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ስንደርስ «ሱታ» አለ። ፈጠንኩ መሰለኝና ነዳጅ ቀነስኩ። «ሱታ! ሱታ!» አለ ደግሞ ጮክ ብሎ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ እጁ ግን ማርሹ ላይ አልነበረም። ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል በራሴ እጅ ሁለተኛ አስገባሁ። ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። ልቤ በኩራት ሞላ፤ ለቀቀልኝ፣ አመነኝ አልኩ። ዘወር ብዬ ሳየው በመስኮቱ ወደ ኋላ እየተመለከተ ነበር። እስከ ከሚሴ ድረስ እጁን ወደ ማርሹ አልመለሰም። ማርሹን ሁሉ እኔ ለዋወጥኩ።

በኅዳር ዳግመኛ ወደቀ፤ አልተነሳም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሐዘኔን የማስታግሰው ያን ኩርባ በማሰብ ነበር። ቢያንስ መቻሌን አይቶ ሄደ እል ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ተጽናናሁ።

በሚቀጥለው ጥቅምት ብቻዬን ከሰንበቴ ስመለስ ሞተሩ ሞቆብኝ ያ ኩርባ ላይ ቆምኩ። መንገድ ዳር ጥንቅሽ የምትሸጥ ሴት ከኋላ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይታ መጣች።

«የእንቁላሉ መኪና አይደለም እንዴ? እሱስ የት ጠፋ?»

«ወደ አኼራ ሄዷል።»

«አላህ ይርሐመው!» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ልጁ ነሽ? ያቺ ጥንቅሽ የምትወጅው? የኔን ጥንቅሽ ሳይዝ አያልፍም ነበር እኮ። ‹ልጄ አፏ ዝምተኛ ነው፣ ጥርሷ ግን ሥራ ይወዳል› ይለኝ ነበር። አምና አንቺ ስትነጅ በመስኮት አየኝና ግራ እጁን አውጥቶ ጠራኝ። እስሩን ይዤ ሮጥኩ። እናንተ ግን አልቆማችሁም።»

የሰጠችኝን አንድ እስር ገቢና ውስጥ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። አልበላሁትም። አገዳው እስኪደርቅ እዚያው ነበር።

ፒክ አፑ ከተሸጠ ቆይቷል። ዛሬ ለመስክ ሥራ የምነዳት የቢሮው መኪና አውቶማቲክ ናት። ግራ እግሬ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ አንዳንዴ ኩርባ ላይ ስደርስ በራሱ ጊዜ ባዶውን ወለል ይረግጣል።

ትናንት ለሐያት መልሷን ሰጠኋት። «አባትሽ እያስተማሩሽ በሚኒባሱ ተማሪ» አልኳት። «ቀድመውም እንዴት እንደሚቆም ያሳዩሽ።»

ቅንድቧን አነሳች። «መቆም ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

እኔም ያኔ አባቴን ያልኩት ይህንኑ ነበር።